ከ14 ምንጮቼ 9ኙ በቀይ ተሰረዙ፤ እናንተ ምንጭ መመርመር እንዴት ተማራችሁ?

ቀይ_በቀይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር። ተርም ፔፐሬ ትናንት ተመለሰልኝ። እስካሁን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም፤ ማየቱ ራሱ አስጠልቶኛል።

ርዕሴ ሞባይል ስልክና የተማሪ ትኩረት ነበር። ስምንት ገጽ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ 14 ምንጭ ደረደርኩ። የተጠየቅነው ስምንት ብቻ ስለነበር ኮርቼበታለሁ። መምህሬ ከ14ቱ 9ኙን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ ከጎናቸው አንድ አጭር ጥያቄ ጽፋለች፦ "ይህን አንብበሽዋል?" ዘጠኝ ጊዜ። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ።

እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ ልናዘዝ። አላነበብኩም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ይላል፦ የሰው ትኩረት በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. 12 ሰከንድ ነበር፤ በ2013 ወደ 8 ሰከንድ ወርዷል፤ ጎልድፊሽ የምትባለው ዓሣ እንኳ 9 ሰከንድ አላት። ያገኘሁት አንድ ብሎግ ላይ ነው። ብሎግ ብሎ መጥቀስ አሳፈረኝ። ስለዚህ ብሎጉ የጠቀሰውን ሪፖርት ራሴ እንዳነበብኩት አድርጌ አስገባሁ። ሌሎች ሁለት ምንጮችን ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ። ስማቸው ሲያምር! ደራሲ አላቸው፣ ዓመት አላቸው፣ ቅጽና የገጽ ቁጥር ሳይቀር አላቸው። መምህሬ ፈልጋ አጣቻቸው። አንዱ ስምም ቀንም የሌለው ፒዲኤፍ ነው፤ ከየት እንዳወረድኩት እኔም አላስታውስም። አንዱ ዊኪፒዲያ ነው። ሦስቱ አብስትራክታቸውን (መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ብቻ አይቼ ያስገባኋቸው ጥናቶች ናቸው። አንዱን ግን እምላለሁ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ሊንኩን ስነካው "ገጹ አልተገኘም" ይለኛል። ይሄኛው በጣም ነው ያናደደኝ።

ዜሮ አልሰጠችኝም። በ10 ቀን አስተካክለሽ መልሺ አለችኝ።

አሁን የማይገባኝ ነገር ይሄ ነው። ኮሌጅ ስንገባ ምንጭ መገምገሚያ የሚባል ወረቀት ሰጥተውናል። ጸሐፊው ማነው? መቼ ተጻፈ? ዓላማው ምንድነው? እየጠየቁ ምልክት ማድረግ ነው። ዛሬ ያንን ብሎግ በወረቀቱ ፈተንኩት። ሁሉንም አለፈ! ጸሐፊ አለው፣ ቀን አለው፣ ዲዛይኑ ጽድት ያለ ነው፣ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም። ታዲያ እናንተ ምኑን አይታችሁ ነው የምታምኑት ወይም የምትተዉት?


ትር_ከፋች፦

እህቴ አይዞሽ፤ ሁላችንም በዚህ አልፈናል። እኔ አንደኛ ዓመት ላይ የቀልድ ድረ ገጽ ጠቅሼ ክፍል ፊት ቆሜ አንብቤያለሁ። ሰው ሲስቅ ንግግሬ የጣማቸው መስሎኝ ነበር።

የዚያ ወረቀት ችግር ገጹን ስለራሱ መስክር ማለቱ ነው። ሊሸውድሽ የፈለገ ሰው "ስለ እኛ" የሚለውን ገጽ ከማንም በላይ አሳምሮ ነው የሚጽፈው። ዲዛይን በአንድ ቀን ይገዛል። ነጥብ ኦርግ የሚል አድራሻ ስታዪ ደግሞ የበጎ አድራጎት ማኅበር እንዳይመስልሽ፤ ማንም ከፍሎ ማስመዝገብ ይችላል።

እኔን የቀየረኝ አንድ ጥናት ነው። ስታንፎርድ ውስጥ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት። 45 ሰው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡ፤ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 ሥራቸው መረጃ ማጣራት የሆነ ባለሙያዎች፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች። ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ገጽ አሳዩአቸው። አንዱ ከ1930 ጀምሮ ያለ ትልቁ የሙያ ማኅበር ነው። ሌላው በ2002 በአቋም ልዩነት ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። የትኛው ይታመናል? ተማሪዎቹ በብዛት ትንሹን መረጡ። ምሁራኑም ብዙዎቹ ሁለቱም ደህና ናቸው ብለው ወላወሉ። መረጃ አጣሪዎቹ ግን አንዳቸውም አልተሸወዱም።

ምን አደረጉ መሰለሽ? ገጹን ብዙም አላነበቡትም። ወዲያው ሌላ ትር ከፍተው የማኅበሩን ስም ፈለጉ። ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ? ማን ነው ገንዘብ የሚሰጠው? ተማሪዎቹ ግን እዚያው ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ፣ አርማውን ሲያደንቁ ቆዩ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ማንበብ ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ እኔም የማላውቀው ገጽ ሲያጋጥመኝ ከማንበቤ በፊት ወጥቼ ስሙን እፈልጋለሁ። ከደቂቃ አይበልጥም። ያዳነኝን ሰዓት ግን አልነግርሽም።


አቋራጭ_ፈላጊ፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ጎግል ስኮላር የሚባለው የጥናት መፈለጊያ ላይ ብቻ ፈልጊ፣ በቃ። እዚያ የገባ ሁሉ ጥናት ነው። ዊኪፒዲያን ደግሞ ጭራሽ አትክፈቺው፤ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት ነው።


የላይብረሪው_ሰው፦

ልጄ፣ እኔ በአንድ ኮሌጅ ላይብረሪ የመረጃ ጠረጴዛ ላይ 22 ዓመት ተቀምጫለሁ። ያቺን ዓሣ በደንብ አውቃታለሁ። በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ተማሪ ይዟት ይመጣል።

እስቲ አብረን ወደ ኋላ እንከተላት። አንቺ ከብሎግ አገኘሻት። ብሎጉ ከሌላ ብሎግ ወሰዳት። ያኛው በ2015 ከወጡት የዜና ጽሑፎች ወሰዳት። ዜናዎቹ ደግሞ ማይክሮሶፍት ካናዳ በዚያው ዓመት ለማስታወቂያ ሰዎች ካዘጋጀው ሪፖርት። እዚህ ድረስ የሚመጣ ተማሪ እንኳ ጥቂት ነው፤ የመጣውም "አገኘሁት!" ብሎ ይቆማል። ሪፖርቱን ግን ክፈቺው። አዘጋጆቹ በካናዳውያን ላይ የራሳቸውን ጥናት አድርገዋል። የዓሣዋ ቁጥር ግን ከዚያ ጥናት የመጣ አይደለም። ከቁጥሩ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈ ሌላ ምንጭ አለ፤ ስታቲስቲክ ብሬይን የሚባል ቁጥር የሚሰበስብ ድረ ገጽ። ያ ድረ ገጽ ደግሞ ታላላቅ ተቋማትን ይጠቅሳል። በ2017 አንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ተቋማቱን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። እንዲህ ያለ ጥናት አለን ያለ አልተገኘም። ደረጃውን ወጥተሽ ወጥተሽ የላይኛው ፎቅ ባዶ።

ጋዜጠኛው ያነጋገራቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ ጥያቄው ራሱ ችግር እንዳለበት ነገሩት። የሰው ትኩረት በያዘው ሥራ ይወሰናል። ልብ የሚሰቅል ታሪክ የምታነብ ልጅና አሰልቺ ቅጽ የምትሞላ ልጅ አንድ ቁጥር የላቸውም። ይህን ያወቅሽው ደረጃውን ስለወጣሽ ነው። መገምገሚያው ወረቀት ላይ ምልክት ብታደርጊ አታገኚውም።

የቀይ እስክሪብቶው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ብሎግ መጥቀስ አያሳፍርም። ያላነበብሽውን እንዳነበብሽ አድርገሽ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋናውን ጽሑፍ ፈልገሽ ብታጪ ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ስልትም በሌሎቹም መንገድ አለው፤ "እገሌ፣ በእገሊት እንደተጠቀሰው" ብለሽ ትጽፊያለሽ። ምንጮች ዝርዝር ውስጥ የምታስገቢው በእጅሽ የያዝሽውን ብቻ ነው። መምህራን ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እውነቱን ነው የነገርሻቸው።

በነገራችን ላይ ብቻሽን አይደለሽም። ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ለደራሲዎች በሚሰጠው የአጻጻፍ መመሪያ ውስጥ ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ አንድ ሪፈረንስ ነበር። ስለ ሳይንሳዊ ጽሑፍ አጻጻፍ ጥበብ የሚል ርዕስ አለው፣ ሦስት ደራሲ አለው፣ ዓመቱ 2000 ነው። ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም፤ ቅርጹን ለማሳየት ብቻ የተፈጠረ ነው። ወደ 400 የሚጠጉ እውነተኛ ጽሑፎች ግን ጠቅሰውታል። አንዳንዱ ምሳሌውን ከቅጹ ላይ ማጥፋት ረስቶት ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ የጻፈውም ያረመውም አልከፈተውም። ጽሑፉ በሌለበት እንዴት ይከፈታል?

ወደ ቻትጂፒቲ ልምጣ። ይህ ማሽን ሪፈረንስ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል። መኖር አለመኖሩን ግን ሳያጣራ ሊጽፍልሽ ይችላል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ማሽኑ የፈጠራቸውን ስድስት የፍርድ ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ ከተሸወደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ብትሸወድ አይደንቅም። የማጣሪያው ሥራ ግን ቀላል ነው። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተሽ ፈልጊ። ዲኦአይ የሚባለው በ10 እና በነጥብ የሚጀምር የጽሑፍ መለያ ቁጥር ካለው ዲኦአይ ነጥብ ኦርግ ላይ አስገቢው። ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰደሽ፣ ወይም የትም ካልወሰደሽ፣ የተፈበረከ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን ጽሑፍ ካመጣልሽ ደግሞ ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ ክፈቺና አንብቢ።

ለአቋራጭ_ፈላጊ፦ ወንድሜ፣ ጎግል ስኮላርን እኔም በየቀኑ እጠቀማለሁ። ግን የሚሰበስበው ማሽን ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚለይ ሰው የለም። በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የውሸት ጥናት ጽፎ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። እንዲህ ዓይነቱም ፍለጋ ውስጥ ይገባል። ታላላቆቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ በ12 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጽሑፍ አውጥቶ የሰረዘው በ2010 ነው። 12 ዓመት! ጽሑፉ ዛሬም ይገኛል፤ "ተሰርዟል" የሚል ማኅተም ግን አርፎበታል። ስለዚህ ከመጥቀስህ በፊት የአሳታሚውን ገጽ ከፍተህ ያንን ማኅተም ፈልግ። ከሌላ ቦታ በወረደ አሮጌ ፒዲኤፍ ላይ ላታየው ትችላለህ።

ዊኪፒዲያን መጥቀስ አልመክርም። አለመክፈት ግን ጅልነት ነው። እኔ የምጀምረው ከታች፣ ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ነው።


ሰባት_ረቂቅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን እጨምራለሁ? ግን ስለ ማስታወሻ አያያዝ ማንም አላነሳም። እኔን የበላኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ አንቀጽ ሰርቀሃል ተብዬ ተጠራሁ። አልሰረቅኩም ብዬ ድርቅ አልኩ። ከልቤ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የድሮ ማስታወሻዬን አየሁ። አንቀጹ እዚያ አለ፤ ቃል በቃል፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ያለ ሊንክ። ስሰበስብ ኮፒ አድርጌ ለጥፌው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳነበው የራሴ መሰለኝ። እንዲያውም "እንዴት አሪፍ ጽፌያለሁ!" ብዬ ነበር።

አሁን ማስታወሻዬ ሁለት ቀለም አለው። የሌላ ሰው ቃል ሰማያዊ ነው፤ ገና ስለጥፈው ትእምርተ ጥቅስና የገጽ ቁጥር ይገባበታል። የራሴ ሐሳብ ጥቁር ነው። በራሴ ቃል መጻፍ ስፈልግ ትሩን ዘግቼ ለጓደኛ እንደማወራ እጽፋለሁ። ከዚያ ከፍቼ አመሳክራለሁ። ትሩ ክፍት እያለ የምጽፈው ሁሉ ቃላት መቀያየር ብቻ ይሆንብኛል። ደግሞ ልብ በሉ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፋችሁትም አልጻፋችሁትም ሐሳቡ የእሱ ከሆነ ስሙ ይጠቀሳል።

ምንጮቹን የማስቀምጠው ዞቴሮ የሚባል የምንጭ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ነው። ነፃ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ አለ። ገጹ ላይ ሆነሽ አንዴ ስትነኪው ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ ጆርናሉን ራሱ ይይዛል። ግን አትመኚው። አንዳንዴ የድረ ገጹን ስም ደራሲ ያደርገዋል፤ አንዳንዴ ዓመቱን ይዘለዋል። "ሳይት" (ጥቀስ) የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ የምትገለብጪውም ያው ነው። በዓይንሽ እለፊበት።

የሞተው ሊንክሽ ደግሞ ላይሞት ይችላል። አድራሻውን ወስደሽ ዌይባክ ማሽን ላይ አስገቢ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን እያነሳ ያስቀምጣል። ዕድል ካለሽ አንቺ ያነበብሽበት ወር ቅጂ ይኖራል። ሊንክ ሲሞት የሚያለቅሰው ተማሪ ብቻ እንዳይመስልሽ። የሃርቫርድ ሰዎች በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ የተጠቀሱ ሊንኮችን ሲፈትሹ ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የተጠቀሰውን ጽሑፍ አያሳዩም ነበር። ለወደፊቱ ገጹን እንዳነበብሽ እዚያው አስቀምጪው፤ "አሁን አስቀምጥ" የሚል ሳጥን አለው።


ቀይ_በቀይ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ቀን አለፈ። ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ።

የሞተው ሊንክ ተገኘ። በዚያው ወር የተነሳ ቅጂ አለ። ማያ ገጹ ላይ ሳየው ጮህኩ።

ቻትጂፒቲ የሰጠኝን ሁለቱንም በርዕስም በዲኦአይም ሞከርኩ። አንዱ ዲኦአይ ስለ ሌላ ነገር ወደሚያወራ ጽሑፍ ወሰደኝ። ሌላው የትም አልሄደም። ሰረዝኳቸው። ስም አልባው ፒዲኤፍም ተሰረዘ። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ብፈልገው ከተለያየ ቦታ የተለጠፈ ቅጂ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ባለቤት የለውም።

ዋናው ግን አብስትራክታቸውን ብቻ ካየኋቸው ሦስት ጥናቶች አንዱ ነው። "ስልክህ ያደነዝዝሃል" የሚል ዜና አይቼ ነበር ያስገባሁት። በ2017 ዋርድና ሦስት ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። አሁን ሙሉውን አነበብኩት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ ስታቲስቲክሱ ግማሹ አልገባኝም። ግን ዜናው የሚለውና ጥናቱ የሚለው አንድ አይደሉም። ተሳታፊዎቹን ሦስት ቦታ ነው የከፈሏቸው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ፣ ሌላ ክፍል። ስልኩ ድምፅ የለውም፤ ማንም አይነካውም። ፈተናው ላይ ስልካቸው ሌላ ክፍል የቀረባቸው በለጡ። ደነዘዙ የሚል ግን የለም። ያውም ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ከስልክ መለየት የማይሆንላቸው ሰዎች ላይ ነው። አብስትራክቱን ብቻ ባይ ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጨፈልቀው ነበር። እሱኑ ነው ያደረግኩት ለነገሩ።

ከዚያ ጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር "የጠቀሱት" የሚለውን ነካሁ። ከዚያ በኋላ የወጡትን ሁሉ ያሳያል። በ2022 የወጣ አንድ ጽሑፍ ከሙከራዎቹ አንዱን እንደገና ሠርቶ ያንን ውጤት አላገኘም። መጀመሪያ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ድርሰቴ ፈረሰ አልኩ። ኋላ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አሁን ፔፐሬ ውስጥ ጭቅጭቅ አለ። በፊት ጭብጨባ ብቻ ነበር።

ምንጮቼ 14 ነበሩ፤ አሁን 9 ናቸው። ሁሉንም ከፍቼ አንብቤያለሁ።

ዓሣዋን ግን አልጣልኳትም፤ አሳዘነችኝ። አዲሱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬ ይሄ ነው፦ "የሰው ትኩረት ከጎልድፊሽ አንሷል የሚለው ቁጥር በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል፤ ከጀርባው ያለው ጥናት ግን እስካሁን አልተገኘም።" ሪፖርቱን ራሴ አውርጄ፣ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ምንጭ በዓይኔ አይቼ ነው። ከሪፖርቱ ሁለት መስመር ቃል በቃል ወስጄ ከሥሩ አስገብቻለሁ። ጋሼ፣ ይሆናል ይላሉ?


የላይብረሪው_ሰው፦

ይሆናል ልጄ። ዓረፍተ ነገሩን ወድጄዋለሁ። "እስካሁን አልተገኘም" የሚለው ላይ ግን ፈልጎ ያጣው ማን እንደሆነ ጥቀሺ፤ ያለዚያ መምህርሽ አንቺ ዓለምን ሁሉ ያሰስሽ ይመስላታል። ደግሞ ከሪፖርቱ ሁለቱን መስመር ቃል በቃል ወስደሻል ብለሻል። የገጽ ቁጥሩስ?


ቀይ_በቀይ፦

ወይኔ! ፒዲኤፉን እየከፈትኩት ነው።